ከብረት ዱቄት የሚሠሩ ዕቃዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የብረት ዱቄት ቴክኖሎጂ የሚባለው ምንድን ነው?

ብረትን ሳያቀልጡ ቅርጽ የማስያዝ ሙያ ነው። የደቀቀ ብረት ሻጋታ ውስጥ ይሞላል፣ በከባድ ፕሬስ ይታመቃል፣ ከዚያ እቶን ገብቶ ይጋገራል። የሚወጣው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ለሥራ ዝግጁ ነው ማለት ይቻላል። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ጠቅላላውን ሥራ ፓውደር ሜታለርጂ፣ መጋገሩን ደግሞ ሲንተሪንግ ይሉታል።

እዚህ ላይ ብረት ስል ማንኛውንም ሜታል ማለቴ ነው፤ ከመዳብ ወይም ከሌላ ሜታል ለይቼ ስጠራው ወይም ቁጥር ስሰጥ ግን አይረን የሚባለውን ራሱን ነው። መዳብ፣ ነሐስ፣ ኒኬል፣ ታይታኒየም፣ ተንግስተን ሁሉም በዱቄት መልክ ይመረታሉ። ነገሩ ሩቅ አይደለም። በእጅ በሚያዝ ትራፓኖ፣ በልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ በመኪና፣ ኮምፒውተር በሚያቀዘቅዝ ፋን ውስጥ ከዱቄት የተሠራ ነገር አይጠፋም።

ዱቄቱ ከሞረድና ከቶርኖ የሚወጣው ብናኝ ነው?

አይደለም። የቶርኖ ፍቅፋቂ ጥቅልል ነው፣ ዘይትና ዝገት የነካው ነው፣ መጠኑም አንድ ወጥ አይደለም። ለፕሬስ የሚሆን ዱቄት ሆን ተብሎ ይመረታል። በብዛት የሚሠራበት መንገድ የቀለጠ ብረት በቀጭኑ ሲወርድ ኃይለኛ የውሃ ወይም የጋዝ ግፊት መልቀቅ ነው። የቀለጠው ብረት ይበተንና መሬት ሳይነካ ይደርቃል።

ውሃ የበተነው ቅንጣት ጎርባጣ ይሆናል። ጋዝ የበተነው ክብ ይሆናል። ይህ ልዩነት ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ጎርባጣው ሲታመቅ እርስ በርሱ ይቆላለፋል፤ ስለዚህ ለፕሬስ ይመረጣል። ክቡ ደግሞ እንደ ልብ ይፈስሳል፤ ለ3ዲ ፕሪንተር የሚፈለገው እሱ ነው። ሌላም መንገድ አለ። የብረት ማዕድን ሳይቀልጥ በከሰል ኦክስጅኑን እንዲያጣ ይደረግና እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ብረት ይወጣል፤ እሱ ይፈጫል። የመዳብ ዱቄት በኤሌክትሪክ ከፈሳሽ ውስጥ ይለቀማል። ለፕሬስ የሚውለው የብረት ዱቄት አብዛኛው ከ200 ማይክሮን በታች ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የሰው ጸጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው።

ለምን አቅልጠው አያፈሱትም? ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?

አንዳንዱን ማቅለጥ አይቻልም፣ ወይም ቢቻልም አያዋጣም። ተንግስተን የሚቀልጠው በ3422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የቀለጠውን የሚይዝ ዕቃ ከምን ይሠራል? በ1910 አካባቢ አሜሪካዊው ዊሊያም ኩሊጅ የአምፖል ክር የሚሆን ተንግስተን ያገኘው ዱቄቱን አምቆ፣ ጋግሮ፣ ከዚያም በሙቀት ደጋግሞ በመቀጥቀጥና በመሳብ ነበር። አምፖል ቤት ሁሉ የገባው በዚህ መንገድ በተሠራ ክር ነው። ብልሃቱ ራሱ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት በዛሬዋ ኢኳዶር ጠረፍ የነበሩ አንጥረኞች ፕላቲኒየም ሠርተዋል። ፕላቲኒየም በ1768 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው፤ የእነሱ እሳት እዚያ አይደርስም። ስለዚህ የፕላቲኒየሙን ፍሬ ከወርቅ ጋር ቀላቀሉት። ወርቁ ቀልጦ ፍሬዎቹን አያያዘላቸው። እኔ ይህን ሥራ ሳስብ አድናቆቴ ወሰን የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት ድብልቅ ነው። መዳብና ግራፋይት ቀልጠው አይዋሐዱም። በዱቄት ግን እንደ ፈለጉ ይቀላቀላሉ። የሞተር ካርቦን የሚባለውና ብዙ የፍሬን ሸራ የሚሠራው እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ብክነት ነው። ጥርስ ያለው ዕቃ ከድፍን ብረት ሲቀረጽ ብዙው ክፍል ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል። በዱቄት ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ ራሱ ዕቃው ይሆናል።

ዱቄት እንዲሁ ስለተጫነ ብቻ ይያያዛል?

አዎ፣ በሚገርም ሁኔታ። ለብረት ዱቄት የተለመደው ግፊት ከ400 እስከ 700 ሜጋፓስካል ነው። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ4 እስከ 7 ቶን እንደ መጫን ነው። በዚህ ግፊት ቅንጣቶቹ ይጨፈለቃሉ፣ አንዱ በሌላው ጉድጓድ ይገባል፣ ይቆላለፋሉ። ከፕሬሱ የወጣው ዕቃ ገና ጥሬ ነው። ቅርጹ ያለቀለት ይመስላል፣ ያብረቀርቃል። በጣታችሁ ልታነሡት ትችላላችሁ። ጠርዙን በጥፍር ብትጭሩት ግን ይፈረፈራል፤ ከእጅ ቢወድቅ ደግሞ እንደ ብስኩት ነው የሚሰበረው።

ከመታመቁ በፊት ዱቄቱ ላይ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ የሚሆን ማለስለሻ ይጨመራል፤ ሰም መሰል ነገር ነው። ያለሱ ዱቄቱ የሻጋታውን ግድግዳ ይፍቃል፣ ዕቃውም ተጣብቆ አይወጣም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰበቃ ሌላም ጣጣ አለው። ግፊቱ ወደ መሐል ሲሄድ ይደክማል። ከላይም ከታችም ቢጫን የመሐሉ ክፍል ከጫፎቹ የላላ ይሆናል። ረጅምና ቀጭን ዕቃ በዚህ መንገድ የማይሠራው ለዚህ ነው። የጎን ቀዳዳና የብሎን ጥርስም በፕሬስ አይወጣም፤ ዕቃው ወደ ላይ ተገፍቶ ከሻጋታው መውጣት አለበትና።

ሳይቀልጥ እንዴት አንድ ይሆናል?

ሚስጥሩ ያለው ገጽ ላይ ነው። ብረት ሲደቅ ለአየር የተጋለጠው ገጽ በጣም ይበዛል። ገጽ ላይ ያለ አተም በአንድ ወገኑ ጎረቤት የለውም፤ ስለዚህ ትርፍ ኃይል ይዟል። ሙቀት ሲያገኝ መንቀሳቀስ ይጀምርና ያንን ገጽ ወደ መቀነስ ያዘነብላል። ሁለት ቅንጣቶች በሚነካኩበት ነጥብ ላይ አተሞች ይሰበሰባሉ፣ አንገት ይሠራል። አንገቱ ይወፍራል። በመጨረሻ ድንበሩ የት እንደነበር በማይክሮስኮፕ እንኳ መለየት ያስቸግራል።

ብረት በ1538 ዲግሪ ይቀልጣል። የሚጋገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ በ1120 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በዚያ ሙቀት 20 ወይም 30 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ነሐስ 800 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። እቶኑ ረጅም መተላለፊያ ነው፣ ዕቃው በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ሆኖ ያልፋል። መጀመሪያ ማለስለሻው በዝግታ ተኖ ይወጣል። እዚህ መቸኮል አይሰራም፤ ሰሙ በአንድ ጊዜ ከተነነ ዕቃው ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ከዚያ ዋናው ሙቀት ይመጣል፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዣው።

እቶኑ ውስጥ አየር መግባት የለበትም። ጋዙ አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅን ነው፣ ጥቂት ሃይድሮጅን ይጨመርበታል። ሃይድሮጅኑ ቅንጣቶቹ የለበሱትን ስስ ኦክሳይድ ይልጣል። ኦክሳይድ ካልተነሣ አንገቱ አይሠራም፤ ዕቃው ተጋገረ ቢባልም ውስጡ የተጠጋጋ ዱቄት ነው።

ውስጡ ቀዳዳ ካለው እንዴት አይሰበርም?

የሁሉም ነገር ቁልፍ ጥግግቱ ወይም ዴንሲቲው ነው። ድፍን ብረት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.87 ግራም ይመዝናል። ተራ ታምቆ የተጋገረ የብረት ዕቃ ከ6.8 እስከ 7.2 ግራም ነው። 7.0 ግራም የሆነውን ብንወስድ 11 በመቶ የሚሆነው ይዘቱ ባዶ ነው ማለት ነው። ይህ ለብዙ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። የፓምፕ ጥርስ፣ የመቆለፊያ አካል፣ የፑሊ እምብርት ይህን ያህል አይጠይቁም።

ችግር የሚመጣው ዕቃው ሚሊዮን ጊዜ እየተመላለሰ ሲጫን ነው። ስንጥቅ ከቀዳዳ ይነሣል፣ በተለይ ገጽ አጠገብ ካለ ቀዳዳ። ስለዚህ ለከባድ ሥራ ጥግግቱን ከፍ ያደርጋሉ። ደግመው ያምቁታል፣ ቀዳዳው ውስጥ የቀለጠ መዳብ ያስገባሉ፣ ወይም የተጋገረውን ገና ሲግል በመዶሻ ፕሬስ ይደቁሱታል። የመጨረሻው ቀዳዳውን ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል። የብዙ መኪኖች ቢዬላ፣ ማለትም ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ እንዲህ ነው የሚሠራው። ቢዬላው ትልቁ ጆሮ ላይ ሆን ተብሎ ይሰበርና ሁለቱ ፊቶች ተመልሰው እንዲገጥሙ ይደረጋል። ጋራዥ ውስጥ የአንዱን ቢዬላ ክዳን ለሌላው ማድረግ ሞተር መግደል ነው፤ ስብራቱ ከራሱ ውጭ ከማንም ጋር አይገጥምም።

ዘይት ሳይጨመርለት ዓመታት የሚሠራው ቡሽ እንዴት ነው የሚሠራው?

እዚህ ቀዳዳው ጉድለት መሆኑ ቀርቶ ሥራ ላይ ይውላል። ቡሽ ማለት ዘንግ ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት ነው። ብዙ ጊዜ 90 በመቶ መዳብና 10 በመቶ ቆርቆሮ ነው፤ የጣሪያው ሳይሆን ቆርቆሮ የሚባለው ሜታል። ሲታመቅ ሆን ተብሎ ላላ ይደረጋል። ከይዘቱ ሩብ የሚጠጋው እርስ በርሱ የተገናኘ ቀዳዳ ነው። ከተጋገረ በኋላ አየሩ በቫክዩም ይመጠጥና ቦታው በዘይት ይሞላል።

አዲስ ቡሽ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ብታሞቁት ደስ የሚል ነገር ታያላችሁ። መጀመሪያ ደረቅ የሚመስለው ገጽ ይወዛል። ከዚያ ጥቃቅን የዘይት ፍሬዎች ላብ መስለው ብቅ ይላሉ። ሥራ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ዘንጉ ሲዞር ይሞቃል፣ ዘይቱ ከብረቱ በላይ ይለጠጣል፣ ወደ ገጹ ይወጣል። የዘንጉ መዞር የሚፈጥረው የግፊት ልዩነትም ይስበዋል። ማሽኑ ሲቆምና ሲቀዘቅዝ ቀዳዳዎቹ አብዛኛውን ዘይት መልሰው ይመጡታል።

ሰው ሳያውቅ የሚያበላሽበት መንገድ ብዙ ነው። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ውስጥ አይታጠብ፤ ዘይቱን አጥቦ ያወጣዋል። ካርቶን ወይም ጨርቅ ላይ ለወራት አታስቀምጡት፤ ይመጠዋል። ግሪስ አትጠቅጥቁበት፤ አፉን ይደፍነዋል። ውስጡ ጠበበኝ ብላችሁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት፤ ቀዳዳዎቹ ተለስነው ይዘጋሉ። ሲገባም በመዶሻ ሳይሆን ልኩን የጠበቀ ዘንግ ውስጡ ከትቶ በሞርሳ ወይም በፕሬስ መግፋት ነው። ደርቋል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሞቅ ያለ ንጹህ የማሽን ዘይት ውስጥ ለሰዓታት ዘፍዝፉት። ቫክዩም የሚያህል ባይሆንም ይረዳል።

መኪና ውስጥ የትኞቹ ዕቃዎች ናቸው?

የብረት ዱቄት ትልቁ ደንበኛ የመኪና ኢንዱስትሪ ነው። የዘይት ፓምፕ ጥርሶች፣ የሾክ አብዞርበር ፒስተን፣ የቫልቭ መቀመጫ፣ የሰንሰለት ጥርሶች፣ የማርሽ ሳጥን ውስጥ ያሉ አንዳንድ ክፍሎች፣ የስታርተር ሞተር ቡሽ። መለየት ከፈለጋችሁ ፍቅፋቂና የቶርኖ መስመር የሌለው፣ ጠርዙ ላይ ስስ ደረጃ ያለው፣ ትንሽ አመድማ ገጽታ ያለውን ፈልጉ።

ካርባይድ የሚባለው መቁረጫስ ከዚሁ ነው?

አዎ፣ ምናልባትም የዚህ ሙያ ትልቁ ስጦታ እሱ ነው። ተንግስተን ካርባይድ በጣም ጠንካራ ነው፣ ግን ብቻውን ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ዱቄቱ ከጥቂት ኮባልት ጋር ይፈጫል፣ ይታመቃል፣ በ1400 ዲግሪ አካባቢ ይጋገራል። በዚያ ሙቀት ኮባልቱ ካርባይዱን እያሟሟ ይቀልጣል፣ በጠንካራዎቹ ፍሬዎች መካከል ይሠርጋል፣ ያስራቸዋል። ዕቃው በየአቅጣጫው ከ17 እስከ 20 በመቶ ያህል ይሸማቀቃል። በይዘት ሲታይ ግማሽ ሊጠጋ ነው። ቀድሞ ያንን አስልቶ ትልቅ አድርጎ ማመቅ ነው ጥበቡ።

የተፈለሰፈው ለቶርኖ ተብሎ አልነበረም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ያለው ኦስራም የተባለው የአምፖል ኩባንያ የተንግስተን ክር የሚስበው በአልማዝ ቀዳዳ ነበር፤ አልማዝ ደግሞ ውድ ነው። እዚያ ይሠራ የነበረው ካርል ሽሮተር በ1923 የካርባይድና የኮባልቱን ድብልቅ ፓተንት አስመዘገበ። ብዙም ሳይቆይ ክሩፕ መብቱን ገዝቶ የመቁረጫ መሣሪያ አደረገው። ዛሬ ግድግዳ የሚበሳው ፑንታ ጫፍ ላይ የተበየደችው ትንሽ ቁራጭ የዚያ ልጅ ናት።

ጥይት ውስጥ የብረት ዱቄት ይገባል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ሦስት ምክንያትም አለው። የመጀመሪያው እጥረት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን እርሳስና መዳብ ሲያጥራት ከተጋገረ የብረት ዱቄት የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት አምርታለች። የመድፍ ጥይት ወገብ ላይ የሚታሰረውን የመዳብ ቀለበትም በተጋገረ ብረት ተክታለች። ሁለተኛው መመረዝ ነው። እርሳስ መርዝ ነው። በዝግ የተኩስ መለማመጃ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ይተነፍሱታል፤ አዳኝ የጣለውን ሬሳ የሚበሉ አሞሮችም ይሞቱበታል። የካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለው ብርቅ አሞራ ዋና ገዳዮች አንዱ እርሳስ ነው። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለአደን እርሳስ ያለው ጥይት ከልክላለች። ሦስተኛው ለልምምድ ነው። ከመዳብና ከቆርቆሮ ዱቄት የተሠራ ጥይት ጠንካራ ዒላማ ሲመታ ስለሚደቅ ተመልሶ ሰው የመምታት ዕድሉ ይቀንሳል።

ከባዱ ነገር ክብደት ነው። እርሳስ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.34 ግራም ነው፣ መዳብ 8.96፣ ብረት 7.87። በዚያው ቅርጽ የቀለለ ነገር በአየሩ ቶሎ ይሸነፋል። ተንግስተን 19.3 ስለሆነ ከቀላል ሜታል ጋር ሲደባለቅ ወደ እርሳስ ሊጠጋ ይችላል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። የመዳብ ልባስ ያላቸው ደግሞ ልባሱ በርሜሉን ከእምብርቱ ይከላከላል፣ ጠመዝማዛውን መስመርም የሚይዘው እሱ ነው። እዚህም ያው የጥግግት ጉዳይ ይመጣል። አንዱ ጎን ከሌላው የላላ ከሆነ የክብደቱ መሐል ከዘንጉ ይወጣል፣ ሲሽከረከርም ይወላገዳል።

አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ጥይቱ ከእርሳስ ነጻ ነው ማለት መለማመጃው ከእርሳስ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ካፕ ራሱ የእርሳስ ውሁድ አለበት። አየር ማስወጫው መሥራት አለበት።

መበየድ፣ ቶርኖ ላይ ማሰር፣ ኒኬል መቀባት ይቻላል?

ቶርኖ ላይ ይሠራል፣ ግን መቁረጫው ስለት ይኑረው። ቀዳዳ ላይ መቁረጥ ጥቃቅን ድብደባ ስለሆነ ስለቱን ቶሎ ያዶለዱመዋል። ውሃ ያለው ማቀዝቀዣ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ከውስጥ ያዝገዋል፤ በደረቁ ወይም በዘይት መሥራት ይሻላል።

ብየዳ አደገኛው ነው። ዕቃው ዘይት ካለበት ብየዳው ይተነፍሳል፣ ያረፋል፣ ይሰነጠቃል። ኒኬል ሲቀባም ፈሳሹ ቀዳዳ ውስጥ ይቀርና ከሳምንታት በኋላ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱንም ከማሰብ በፊት ቀዳዳው በሬዚን መዘጋት ወይም በመዳብ መሞላት አለበት። ጋዝ ወይም ዘይት በግፊት የሚይዝ ዕቃ ከሆነ ያለዚህ ዝግጅት ያፈሳል።

ዋጋው ይረክሳል?

ብዛት ካለ አዎ። ሻጋታው ከጠንካራ ብረት ወይም ከካርባይድ በከፍተኛ ትክክለኛነት ስለሚሠራ ውድ ነው። ያ ወጪ ለአሥር ሺዎች ዕቃ ሲከፋፈል ይጠፋል፤ ለሃምሳ ሲከፋፈል ያከስራል። ጥቂት ፍሬ የምትፈልጉ ከሆነ ቶርኖ ቤት ሂዱ።

3ዲ ፕሪንተርስ ከዚህ ጋር አንድ ነው?

ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። በብዛት የሚታወቀው የሌዘር ማሽን ዱቄቱን በስሱ እየዘረጋ በሌዘር ያቀልጠዋል። መቅለጥ ስላለ ጥግግቱ ከድፍን ብረት ጋር ይቀራረባል። ጊዜ ይፈጃል፣ ሻጋታ ግን አይፈልግም፤ ስለዚህ ለአንድ ፍሬም ያዋጣል።

ሌላው ዘመድ ዱቄቱን ከፕላስቲክና ከሰም ጋር አቡክቶ እንደ ፕላስቲክ ዕቃ ሻጋታ ውስጥ መርጨት ነው። ከይዘቱ 60 በመቶ ገደማ ዱቄት፣ የቀረው ማያያዣ ነው። ማያያዣው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ የቀረው ይጋገራል፣ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሸማቀቃል። የጥርስ ሐኪም ጥርስ ላይ የሚለጥፋቸው ትንንሽ ማሰሪያዎች፣ የሰዓትና የስልክ ጥቃቅን ክፍሎች እንዲህ ይሠራሉ።

የብረት ዱቄት በእርግጥ ይፈነዳል?

ይፈነዳል። ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ ብዙዎች አያምኑም፤ ብረት እንዴት ይነድዳል ይላሉ። ድፍኑ አይነድድም፤ የደቀቀው አየር ላይ ከተበተነ ግን ይነድዳል። በ2011 አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ ጋላቲን በተባለች ከተማ አንድ የብረት ዱቄት ፋብሪካ በአምስት ወር ጊዜ ውስጥ ሦስት አደጋ ደረሰበት። 5 ሠራተኞች ሞቱ። በሁለቱ የተነሣው አቧራ ራሱ ተቀጣጠለ። በሦስተኛው ያፈሰሰ ሃይድሮጅን ፈነዳ፤ ፍንዳታው ጣሪያ ወራጆች ላይ የተኛውን አቧራ አራግፎ እየነደደ አወረደው። ለዓመታት ማንም ያልጠረገው አቧራ ሰው ይገድላል፤ ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምናገረው።

አሉሚኒየም፣ ማግኒዥየምና ታይታኒየም ከብረት የባሱ ናቸው። ሲነድዱ ውሃ አይደፋባቸውም፤ ውሃው ሃይድሮጅን ይለቅና እሳቱን ያባብሰዋል። ለብረታ ብረት እሳት የተዘጋጀ ማጥፊያ ወይም ደረቅ አሸዋ ነው የሚያስፈልገው። አቧራውን በኮምፕሬሰር አየር አታቡንኑት፤ ለዚሁ በተሠራ መምጠጫ ይነሣ። ለሳንባም አስቡ። የካርባይድና የኮባልት አቧራ ከባድ የሳንባ በሽታ ያመጣል። መቁረጫ የሚሞርዱ ሰዎች ያለ ማስክና ያለ መምጠጫ መሥራት የለባቸውም።

በትንሽ ወርክሾፕ መጀመር ይቻላል?

ፕሬስ ማግኘት አያዳግትም። የሚያዳግተው እቶኑ ነው። አየር የማያስገባ፣ ሙቀቱ የማይዋዥቅ፣ ሃይድሮጅን በደህና የሚያስተናግድ መሆን አለበት። ሃይድሮጅን ያለ ሥልጠና የሚነካ ነገር አይደለም። መማር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው በነሐስ እንዲጀምርና መሣሪያው በተሟላ ኮሌጅ ወይም ፋብሪካ ውስጥ ከሚሠራ ሰው ጋር እንዲሆን ነው።

ስጋግረው መሸማቀቅ ሲገባው ለምን አበጠ?

ብረትና መዳብ ቀላቅላችሁ ይሆናል። መዳብ በ1085 ዲግሪ ይቀልጣል፣ እቶኑ ደግሞ 1120 ላይ ነው። የቀለጠው መዳብ በብረት ቅንጣቶቹ መካከል ይሠርጋል፣ ወደ ውስጣቸውም ይገባል፤ ብረቱን ይገፋዋል። እሱ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ውጤቱ እብጠት ነው።

መፍትሔው ግራፋይት ነው። ካርቦን የመዳቡን ወደ ብረት መግባት ይገታዋል፣ ስለዚህ እብጠቱ ይቀንሳል። ልምድ ያላቸው ሰዎች የመዳቡንና የካርቦኑን መጠን እያመዛዘኑ ዕቃው ከሻጋታው ልክ ጋር እኩል ሆኖ እንዲወጣ ያደርጋሉ። ብረት፣ 2 በመቶ መዳብና ከ1 በመቶ በታች ካርቦን የሆነው ድብልቅ በየቦታው የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ መዳብ ጥንካሬ ይጨምራል ብሎ መጨመር ልኩን ያሳጣል።

ጥግግቱን ውሃ ውስጥ መዝኜ ላገኝ ብል ቁጥሩ አልረጋ አለኝ። ለምን?

ውሃው ቀዳዳው ውስጥ እየገባ ስለሆነ ነው። አረፋ ሲወጣ ታያላችሁ፣ ሚዛኑም ቀስ እያለ ይጨምራል። መጀመሪያ ቀዳዳውን በዘይት መሙላት ያስፈልጋል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ዕቃውን ዘይት እንዳይኖረው አጥባችሁና አድርቃችሁ በደረቁ መዝኑ። በቫክዩም ዘይት ሙሉት፣ ላዩን ጥረጉና እንደገና መዝኑ። ከዚያ ውሃ ውስጥ አንጠልጥላችሁ መዝኑ።

ለምሳሌ አንድ የነሐስ ቡሽ በደረቁ 64.0 ግራም፣ ዘይት ጠጥቶ 66.1፣ ውሃ ውስጥ 56.1 ቢሆን ይዘቱ 66.1 ሲቀነስ 56.1፣ ማለትም 10.0 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ጥግግቱ 6.4 ሆነ። 90 በመቶ መዳብና 10 በመቶ ቆርቆሮ ያለ ቀዳዳ ቢሆን 8.76 አካባቢ ይመዝን ነበር። ይህን ስታሰሉ የሁለቱን ጥግግት በቀጥታ አታማክሉ። የእያንዳንዱን ክብደት በጥግግቱ አካፍላችሁ ይዘቱን ደምሩ፣ ከዚያ ጠቅላላ ክብደቱን ለዚያ አካፍሉ። 6.4 ለ8.76 ሲካፈል 73 በመቶ ነው። 27 በመቶው ቀዳዳ ነው።

የገባው ዘይት 2.1 ግራም ነው። የዘይቱ ጥግግት 0.88 ከሆነ 2.4 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከይዘቱ 24 በመቶ። ልዩነቱ፣ ወደ 3 በመቶ የሚሆነው፣ ከውጭ ጋር ያልተገናኘ የታፈነ ቀዳዳ ነው፤ ዘይት አይገባበትም። ያ ቁጥር በጣም ካደገ ቡሹ ከመጠን በላይ ታምቋል ወይም ከመጠን በላይ ተጋግሯል፤ ለዘንጉ የሚደርሰው ዘይትም በዚያው ልክ ያንሳል።